የ1989 ኮርቬት አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ ሲቀይር ይንቀራፈፍብኛል፣ እንዴት ላፍጥነው?

ሰማያዊ ሲ4

ሰላም ቤተሰብ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1989 ኮርቬት ናት፣ ሲ4 የሚባለው አራተኛው ትውልድ። ሞተሯ 5.7 ሊትር ኤል98 ነው፣ ካምቢዮዋ ደግሞ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ባለ አራት ማርሽ 700አር4። ሞተሯ አሁንም ጤነኛ ነው፣ ስትነሳ ከወንበር ጋር ታጣብቃለች። የሚያበሽቀኝ ማርሽ አቀያየሯ ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትሄድ ቀስ ብላ፣ እየተለሳለሰች ነው የምትገባው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሆን ደግሞ ሙሉ ነዳጅ ከረገጥኩ ዙሩ መጀመሪያ ብድግ ይላል፣ "ኧረ ያዝ!" እስክል ቆይቶ ነው የሚይዘው።

ያሰብኩት ይሄ ነው፦ ሺፍት ኪት (ማርሽ ቶሎና ጠንከር ብሎ እንዲገባ የሚያደርግ የዕቃ ስብስብ)፣ ትልቁ የኮርቬት ሰርቮ (ሁለተኛ ማርሽን የሚያስይዘው ፒስቶን)፣ ከ3000 ዙር የሚነሳ ቶርክ ኮንቨርተር (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘው)፣ ከዚያ ገቨርነሩን (እንደ መኪናዋ ፍጥነት ማርሽ መቼ እንደሚቀየር የሚወስነውን ዕቃ) አስተካክዬ በ6000 ዙር እንዲቀይር ማድረግ። የትኛውን ላስቀድም? ሥራውን በእጄ ነው የምሠራው። ካምቢዮ ግን ከፍቼ አላውቅም።

ቀይ መብራት

ሺፍት ኪት ግጠምና ጨርስ። የኔ ሁለተኛ ሲገባ ጎማ ያስጮሃል። አንድ ቅዳሜ ይበቃሃል።

አሮጌ መፍቻ

ቆይ ልጄ፣ አሁን ምንም አትግዛ።

የነገርከን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ መለሳለሱ የፋብሪካው ፍላጎት ሊሆን ይችላል። ተሳፋሪው ማርሽ መቀየሩ እንዳይሰማው ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ላይ ዙሩ ብድግ ማለቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ መንሸራተት ነው። ሁለተኛን ይዞ የነበረው ባንድ (እንደ ቀበቶ የሚጠብቅ ማሰሪያ) ለቋል፣ ሦስተኛን የሚይዘው ፍሪሲዮን (እየተጣበቁ የሚይዙ ሳህኖች) ገና አልያዘም፣ ሞተሩ በመሃል ሸክም የለውም። በዚያች ቅጽበት ፍሪሲዮኑ እየተፋጨ ይቃጠላል። በዚህ ሁኔታ ላይ ኪት ብትገጥም ለሁለት ሳምንት ደስ ይልሃል፣ ከዚያ ሦስተኛ ማርሽ ጭራሽ ይጠፋል።

መጀመሪያ የምታየው የቲቪ ኬብሉን ነው። ከስሮትሉ (ነዳጅ ስትረግጥ ከሚከፈተው የሞተሩ አየር መግቢያ) ተነስቶ ካምቢዮው ውስጥ የሚገባው ቀጭን ኬብል። ብዙ ሰው ማርሽ ወደ ታች ለማውረድ ብቻ የሚያገለግል ይመስለዋል። በ700አር4 ላይ ግን ሥራው ከዚያ በጣም ይበልጣል። ምን ያህል ነዳጅ እንደረገጥክ ለካምቢዮው የሚነግረው እሱ ነው፣ የውስጡ የዘይት ግፊትም በእሱ ልክ ነው የሚወጣውና የሚወርደው። ከላላ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየጎተተ ካምቢዮው ቀስ ብለህ የምትነዳ ይመስለዋል። ግፊቱ ያንሳል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ደግሞ ማርሹ ዘግይቶና እየደበደበ ነው የሚገባው።

ማስተካከያው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩን አጥፋ። ኬብሉ ከስሮትሉ አጠገብ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ትንሽ የብረት ቁልፍ አለች፣ የላቲኑን ዲ ፊደል ትመስላለች። እሷን ወደ ውስጥ ተጭነህ ተንሸራታቹን ከስሮትሉ በተቃራኒ እስከ መጨረሻው ግፋው። ቁልፏን ልቀቃት። አሁን ስሮትሉን በእጅህ እስከ ጥግ ክፈተው። "ጠቅ ጠቅ" እያለ ራሱ ቦታውን ይይዛል። በቃ። አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥልህና ስሮትሉ በእርግጥ ሙሉ መከፈቱን እይ፣ ምንጣፍ ከፔዳሉ ሥር ገብቶ የሚያግደው ብዙ ነው።

ከዚያ የዘይቱን ቀለምና ሽታ ንገረን።

ሦስተኛ ማርሽ

ጋሼ ያሉት በኔ ደርሷል፣ ለዚህ ነው ስሜን እንደዚህ ያልኩት።

በሌላ መኪና ላይ ነው። ሞተሩን ወደ ካርቡሬተር ቀየርኩ። የሠራልኝ ሰው ኬብሉን እንደ ነገሩ አንድ ቀዳዳ ላይ አሰረልኝና "ይሠራል" አለኝ። እውነትም ማርሹ ይቀየራል፣ ለስላሳም ነበር፣ እንዲያውም ወደድኩት። ለካ ልስላሴው መንሸራተት ኖሯል። ኬብሉ የሚጎተትበት ርቀትና አንግል ከስሮትሉ አከፋፈት ጋር ልክ ካልሆነ ግፊቱ በትክክል አይጨምርም። ብዙም ሳልቆይ ሦስተኛና አራተኛ አብረው ሄዱ። አንደኛና ሁለተኛ ብቻ ይዤ ቤት ገባሁ።

ሁለቱ አብረው የሚሄዱት አንድ ፍሪሲዮን ስለሚጋሩ ነው። የሦስት-አራት ፍሪሲዮን የሚባለው። የዚህ ካምቢዮ ደካማ ጎን እሱ ነው፣ ያላቃጠለ ሰው ጥቂት ነው። አንተ ፋብሪካው የሠራው የስሮትል ቦታ ስላለህ አንግሉ አያሳስብህም። ማስተካከያውን ብቻ ፈትሽ።

ሰማያዊ ሲ4

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሠራሁት። ቁልፏ ቆሽሻ ተጣብቃ ስለነበር ማጽጃ ረጭቼ ጠበቅኳት። ተንሸራታቹ ከነበረበት ቦታ አራት ጊዜ "ጠቅ" ብሎ ነው የቆመው፣ ማለትም በጣም ላልቶ ነበር። ያለፈው ባለቤት ይሁን ኬብሉ በራሱ አላውቅም።

ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ አሁን ሌላ መኪና ናት! ትይዛለች። ምንም ሳልገዛ! ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ግን አሁንም ብድግ ትላለች፣ ከበፊቱ ቢሻልም። ዘይቱ ቡናማ ሆኗል፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ሳደርገው ቀይነቱ የለም፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

አሮጌ መፍቻ

ያ ሽታ የፍሪሲዮን ሽታ ነው። አይዞህ፣ ግን እንገምት አንበል፣ እንለካ።

ከካምቢዮው ጎን፣ በሹፌሩ በኩል፣ ከማርሽ ማንሻው በላይ ትንሽ የግፊት መለኪያ ቡሎን አለች። እስከ 300 ፒኤስአይ የሚያነብ ጌጅ አስገባባት። ካምቢዮው ሞቆ፣ ማርሹ ፓርክ ላይ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር 60 ፒኤስአይ አካባቢ ማየት አለብህ። አሁን ፔዳሉን ሳትነካ የቲቪ ኬብሉን ብቻ በእጅህ ቀስ እያልክ ጎትት። ግፊቱ ከእጅህ ጋር እኩል ሽቅብ መውጣት አለበት፣ ሙሉ ሲጎተት ከ130 ማለፍ አለበት። ከወጣ ፓምፑና ቫልቮቹ ደህና ናቸው፣ ችግሩ ፍሪሲዮኑ ጋ ነው። ካልወጣ ፓምፑን ወይም የግፊት ቫልቩን እንጠረጥራለን። ከዚያ ኮፓውን (ከካምቢዮው ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) አውርድ።

ባለ ኳሱ

ኮፓ ሲወርድ 4.7 ሊትር ገደማ ብቻ ነው የሚወጣው። የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ቀይሬ ዘይቱ አዲስ ሆነ ብለህ እንዳትረካ። ኮፓው ሥር ማግኔት አለ፣ እሱ ላይ እንደ ጭቃ ያለ ግራጫ ዱቄት ካየህ የተለመደ ነው። ጥቁር ቅርፊት ኮፓው ውስጥ ከተኛ ፍሪሲዮን ነው። የሚያብረቀርቅ ስብርባሪ ካየህ ግን አትንዳት።

ቀይ መብራት

እናንተ ሰዎች ታካብዳላችሁ። እኔ ምንም ሳልለካ ነው የገጠምኩት፣ ሁለተኛ ስትገባ አንገት ትሰብራለች። ፈጣን ማለት ይሄ ነው።

ገቨርነር

ቀይ መብራት ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ከልቤ ነው የምነግርህ፣ መኪናህን ስለምወዳት።

አንገት መስበር ፍጥነት አይደለም። ማርሽ ሲቀየር ዘይት በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ያለውን ፒስቶን ይሞላል፣ ፒስቶኑ ሳህኖቹን ያጣብቃል። ያ መሙላት ጊዜ ይወስዳል። አጠገቡ ደግሞ አኩሙሌተር የሚባል በሞላ የተደገፈ ሌላ ፒስቶን አለ፣ የዘይቱን ጉልበት በከፊል እየዋጠ ምቱን ያለዝባል። ሺፍት ኪት የሚያደርገው ቀዳዳዎቹን ማስፋት፣ የአኩሙሌተሩን ሞላ ማጠንከር፣ ግፊቱን ከፍ ማድረግ ነው። እስከ አንድ ልክ ድረስ እውነተኛ ጥቅም አለው። መንሸራተቱ ያጥራል፣ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ፍሪሲዮኑ ዕድሜ ያገኛል። ከዚያ ልክ ካለፍክ ግን ጊዜ አታተርፍም። ያ ምት ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ያርፋል። ካምቢዮው ውስጥ ሰን ሼል የምትባል ስስ ቆርቆሮ መሳይ ክፍል አለች፣ እሷ ትሰነጠቃለች። አውቶማቲክ ሲ4 ከኋላ የያዘችው ዲፈረንሻልም ዳና 36 ነው፣ የማንዋሎቹ ዳና 44 ያህል አይችልም። ጥሩ የሚቆነጥጥ ጎማ ገጥመህ እንደዚያ ስትደበድበው የሚቀጥለው እሱ ነው።

ሌላም አለ። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሄድ አንዱ መልቀቅ፣ ሌላው መያዝ አለበት። ልቀቱ ከዘገየ ሁለቱ አብረው ይዘው ካምቢዮው ከራሱ ጋር ይታገላል። ቀድሞ ከለቀቀ ሞተሩ ብድግ ይላል። የቀዳዳው ስፋት የሚወስነው ይህንን ነው። ለዚህ ነው የሰፋ ቀዳዳ መልሶ አይጠብም የምንለው። መሰርሰሪያ ከማንሳትህ በፊት ኪቱ የሚመክረውን ትንሹን ልክ ምረጥ።

ቀይ መብራት

ስለ ዳና 36 አላውቅም ነበር። ከኋላ አንዳንዴ "ቋ" የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ነገ እገባበታለሁ።

ገቨርነር

አሁን ወደ ባለጉዳዩ። የ6000 ዙሩን ሐሳብ እንድትተው እለምንሃለሁ። ስሜን ያወጣሁት በዚያች ዕቃ ነው፣ ብዙ ገቨርነር ፈትቻለሁ። ክብደቷንና ሞላዋን ቀይረህ የሙሉ ነዳጅ መቀየሪያ ዙሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ካምቢዮው ሳይወርድ። ግን ኤል98 ጉልበቱ ጫፍ የሚደርሰው 4300 ዙር አካባቢ ነው። የአየር ማስገቢያ ቱቦዎቹ ረጃጅም ናቸው፣ ለታች ዙር የተሠሩ። ከ5000 በላይ ድምፅ እንጂ ጉልበት አታገኝም። በ4800 አካባቢ ብትቀይር ጊዜው ሲለካ ትቀድማለህ።

ደግሞ ይሄን ስሌት አስበው። የ700አር4 አንደኛ ማርሽ 3.06 ነው፣ ሁለተኛው 1.63። በ5000 ዙር ብትቀይር ሞተሩ ወደ 2660 ነው የሚወድቀው! ግማሽ ለማለት ምንም አልቀረውም። ያ ትልቅ ገደል ነው "መንቀራፈፍ" መስሎ የሚሰማህ፣ ማንኛውም ኪት ቢገጠም አይሞላም። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ይሻላል፣ ከ5000 ወደ 3070 ነው። ደግነቱ ኤል98 በታች ዙር ጎበዝ ስለሆነ ገደሉን ይወጣዋል። ዲፈረንሻልህ 2.59 ከሆነ ወደ 3.07 መቀየሩ ብቻውን ከብዙ ኪት የበለጠ ይሰማሃል።

ሰማያዊ ሲ4

2.59 ነው ጋሼ... ይቅርታ፣ ገቨርነር። ስሌቱን ሳየው ደነገጥኩ። ስንት ጊዜ ካምቢዮውን ስረግም ኖሬ።

ለካሁ። 62 ፒኤስአይ፣ ኬብሉን ስጎትት ቀጥ ብሎ 145 ገባ። ኮፓው ውስጥ ጥቁር ቅርፊት ሞልቷል። ብረት የለም።

አሮጌ መፍቻ

እንግዲህ ፓምፑ ደህና ነው፣ የሦስት-አራት ፍሪሲዮን ሄዷል። ካምቢዮው መውረድ አለበት። አዝናለሁ ልጄ፣ ግን በጊዜ ነው ያወቅኸው።

ካወረድከው አይቀር ሰን ሼሏን በጠነከረው ዓይነት ቀይር። የሦስት-አራት ሳህኖቹን በጥሩዎቹ ቀይር፣ በሳህኖቹ መሃል ያለውን ክፍተት ሳትለካ አትዝጋ። ሰርቮውን ከመግዛትህ በፊት አውጥተህ እይ፣ "የኮርቬት ሰርቮ" የሚባለው ስሙን ያገኘው ካንተ መኪና ነው፣ ሰው ለሌላ መኪና ነው የሚፈልገው። አንተ ጋ ሊኖር ይችላል። 3000 ዙር ኮንቨርተር ለኤል98 አይሆንም፣ ከፍተኛ ቶርኩን (የመጠምዘዝ ኃይሉን) 3200 ላይ ለሚሰጥ ሞተር ምን ያደርጋል? 2200 ወይም 2400 በቂ ነው። ከፍ ባለ ቁጥር ዘይቱን ያሞቃል። ስለ ሙቀት ሌላ ሰው ይናገር፣ እጄ ደከመ።

ባለ ኳሱ

ሙቀት የኔ ነው። ዘይቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቢኖር ደስ ይለዋል። ከ115 በላይ ከሄደ ቶሎ ያረጃል። ራዲያተር ውስጥ ያለውን ማቀዝቀዣ አትተወው፣ ከሱ ቀጥሎ ሌላ ጨምርበት፣ ኮፓው ላይ ቴርሞሜትር ግጠም። አሮጌ ቱቦና ማቀዝቀዣ ሳይታጠብ አዲስ ካምቢዮ ላይ መልሶ ማሰር ያንኑ ቅርፊት መልሶ ማስገባት ነው። እባክህ እጠበው።

ቫልቭ ቦዲውን (ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለውን ክፍል) ስታወርድ ደግሞ ተጠንቀቅ። በዝግታ፣ አግድም አድርገህ። ከውስጥ ትንንሽ የብረት ኳሶች አሉ፣ ስምህን ሳትጠራ ይወርዳሉ። የኔ አንዷ ወድቃ ካቫሌቶው ሥር ገባች፣ በባትሪ መብራት በሆዴ ተኝቼ አንድ ሰዓት ፈለግኳት። እያንዳንዷ የነበረችበትን ቦታ ከመንካትህ በፊት ፎቶ አንሳ። ስትመልሳቸው በቫዝሊን ለጥፋቸው፣ ዘይቱ ውስጥ ይሟሟል። ሁለት ጋስኬት አለ፣ መንታ ይመስላሉ ግን አይደሉም። አንዱ ላይ ቪ፣ ሌላው ላይ ሲ የሚል የላቲን ፊደል አለ። የቪው ወደ ቫልቭ ቦዲው፣ የሲው ወደ ካምቢዮው አካል። ካቀያየርካቸው ቀዳዳ ይደፈናል፣ መልሰህ ልታወርደው ነው። ቡሎኖቹን በ11 ኒውተን ሜትር ብቻ እሰር፣ በክንድህ አትገምት።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ ላቋርጥ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ባለ ስምንት ማርሹን ዜድኤፍ 8ኤችፒ ለምን አይገጥምም? በ0.2 ሰከንድ ይቀይራል ይባላል። ወይ 4ኤል60ኢ፣ ኤሌክትሮኒክሱን?

ገቨርነር

ጥሩ ጥያቄ ነው። 8ኤችፒ ድንቅ ካምቢዮ ነው፣ እኔም እመኘዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ነው ወደ ገበያ የወጣው፣ ፍጥነቱ ደግሞ ከዘይት ብቻ የመጣ አይደለም። ኮምፒውተሩ ማርሽ በሚቀየርባት ቅጽበት ሞተሩን ጉልበት ቀንስ ይለዋል፣ ለዚህ ነው ሳይደበድብ የሚፈጥነው። ማርሾቹም ተቀራራቢ ስለሆኑ ያ ገደል የለም። በሲ4 ላይ ለመግጠም ግን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኝ አስማሚ፣ የራሱ ኮምፒውተርና ገመድ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ሲ4 ከካምቢዮው ጭራ እስከ ዲፈረንሻሉ የሚዘልቅ የአሉሚኒየም ምሰሶ አላት፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ካምቢዮው ሲቀየር እሱም እንደገና መሠራት አለበት። ጊዜና ማሽን ላለው ሰው የሚያምር ሥራ ነው።

4ኤል60ኢ የዚሁ ካምቢዮ ልጅ ነው። ጂኤም እ.ኤ.አ. በ1990 700አር4ን 4ኤል60 ብሎ ሰየመው፣ ቀጥሎ ኤሌክትሮኒክስ ጨመረበትና 4ኤል60ኢ ሆነ፣ ኮርቬት ላይ በ1994 ገባ። የቲቪ ኬብል ጭንቀት የለም፣ የመቀየሪያ ዙሩን በላፕቶፕ ታስተካክላለህ። የማርሾቹ ቁጥር ግን ያው 3.06 እና 1.63 ነው።

ሰማያዊ ሲ4

ወር ተኩል ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሠርቼ ጨርሼ ነው የመጣሁት።

ካምቢዮ በመሥራት የሚታወቅ ጓደኛ አጠገቤ ቆሞ እኔ ፈታሁት። የሦስት-አራት ሳህኖቹን ስናወጣ ፍሪሲዮኑ ብረቱ ላይ ጠፍቶ፣ በመሃል ያሉት ብረት ሳህኖች ሰማያዊ ሆነው ነበር፣ አንዱ እንደ ትሪ ጎብጧል። በጣቴ ስነካው ጥቁሩ እጄ ላይ ቀረ። ሰን ሼሏ ጥርሷ ሥር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ጀምሯታል፣ ጓደኛዬ መብራት ይዞ ባያሳየኝ አላያትም ነበር። ሰርቮው ትልቁ ሆኖ ተገኘ ጋሼ፣ እንዳሉት!

ሺፍት ኪቱን ትንሹን ቀዳዳ መርጠን ገጠምን። ኮንቨርተሩን 2400 አደረግነው። ገቨርነሩን በ4800 እንዲቀይር ብቻ ነካነው። ማቀዝቀዣ ጨመርን፣ አሮጌውን አጠብነው። ዲፈረንሻሉን ገና አልነካሁም።

አሁን ሁለተኛ ሲገባ አንድ አጭር "ጥብ" ነው። አይደበድብም፣ ግን ይይዛል። ሦስተኛ ላይ ዙሩ ብድግ አይልም፣ ቀጥ ብሎ ይወርድና መጎተት ይጀምራል። የኔ መኪና ሰሌዳ ዲጂታል ስለሆነ ቁጥሩ ዘግይቶ ነው የሚከተለው፣ ስለዚህ ከበፊቱ ጋር ለማወዳደር የሞተሩን ድምፅ በስልኬ ቀርጬ ነበር። በፊት ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ አንድ ሰከንድ ይወስድ የነበረው አሁን ግማሽ አይሞላም። የመጀመሪያውን ቀን ብቻዬን እየነዳሁ ሦስት ጊዜ "በል!" ብዬ ጮህኩ።

ሦስተኛ ማርሽ

እንኳን ደስ ያለህ! ሰማያዊ የሆኑትን ሳህኖች ፎቶ አንስተህ ከሆነ ለጥፍልን፣ የኔን ስለጣልኳቸው ሁሌ ይቆጨኛል።

ቀይ መብራት

እኔም ገባሁበት። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ዘይቱ ብረት ብረት ይላል። ኪቴን ልቀንሰው ነው፣ ቀዳዳው ግን ሰፍቷል። አዲስ ሴፓሬተር ፕሌት (ቀዳዳዎቹ ያሉበትን ብረት) ገዝቶ ከዜሮ መጀመር ይሻላል?

ገቨርነር

አዎ፣ አዲስ ፕሌት። የሰፋውን ቀዳዳ አትድፈን። ስታወርደው ሁለቱን ጋስኬትም ቀይር።

አሮጌ መፍቻ

ሰማያዊ ሲ4፣ ደስ ብሎኛል ልጄ። 800 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ኮፓውን እንደገና አውርድ፣ ማግኔቱን እይ፣ ማጣሪያውን ቀይር። የቲቪ ኬብሏንም ያን ቀን አንዴ "ጠቅ" አድርጋት።